ጎንደር ላይ ሁለት ወዳጆች አሉን፤ ማን ቤት እንደር?

የሐዋሳ መንገደኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ወይም እንግዳ ሆናችሁ የሰነበታችሁ ካላችሁ ምክር ፈልጌ ነው። ነገሩ ለሰሚ ቀላል ይመስላል፤ እኔን ግን ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ነሥቶኛል።

በኅዳር መጀመሪያ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ከእናቴ ጋር ከሐዋሳ ጎንደር ድረስ በመኪና ልንሄድ ነው። ወደ 1000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መኪናችን ዲኤክስ ኮሮላ ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስም። የምነዳው እኔ ነኝ። ባለቤቴ መንጃ ፈቃድ የለውም፣ ስለ አነዳድ ግን ብዙ ያውቃል። ያሰብነው አዲስ አበባ አንድ ሌሊት ማደር፣ በማግስቱ ባሕር ዳር መግባት፣ እዚያ አንድ ቀን ማረፍ፣ ከዚያ ጎንደር ነው።

ችግሩ ጎንደር ላይ ሁለት ወዳጆች ያሉን መሆኑ ነው። አንደኛዋ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ስንማር በአንድ መኝታ ክፍል የኖርን ጓደኛዬ ናት፤ በተደራራቢ አልጋ እኔ ከላይ እሷ ከታች። ከተመረቅን 13 ዓመት ሆነን፤ ከዚያ ወዲህ በዓይኔ አላየኋትም። ማራኪ አካባቢ ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ሁለተኛው ሐዋሳ ሲሠራ በአንድ ግቢ ተከራይተን የኖርን፣ በሠርጋችን ለባለቤቴ ሚዜ የሆነ ሰው ነው። አሁን አዘዞ ከእናቱ ጋር ነው።

መምጣታችንን እንደነገርኳት ለጓደኛዬ "ሆቴል እንይዛለን፣ እናንተን አናስቸግርም" ብዬ ጀመርኩ። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልኩ። "አለሁ፤ ቤቴ ምን ሆነና?" አለች። ሚዜው ደግሞ ከነጭራሹ አልተከራከረም፤ ስልኩን ለእናቱ ሰጣቸው። እሳቸውም "የልጄን ወንድም ልጆች ሳላይ ልሙት?" አሉ። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ለሁለቱም "እሺ" ብዬ ዘጋሁ። አሁን ሁለት ቤት፣ በአንድ ቀን፣ ለአምስት ሰው አልጋ እየተነጠፈ ነው።

ማንኛቸው ዘንድ እንደር? ስንት ሌሊት? አንዷን ሳናስቀይም ወደ ሌላው እንዴት ይኬዳል? ደግሞም ከተማዋን ማየት እንፈልጋለን። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ጎንደር አራት ቀን ተቀምጦ ግንቡን ያየው በባጃጅ ውስጥ ሆኖ ሲያልፍ ብቻ ነው፤ የቀረውን ጊዜ "ጉረሱ" ሲባል ነው ያሳለፈው። ትልቁ ልጄ ጅማ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ስላየ የፋሲል ይበልጥ እንደሆነ ለመመርመር ቆርጦ ተነሥቷል። እናቴ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሳልሳለም አልመለስም ብላለች። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከጓደኛዬ ጋር ሁለት ሰዓት ብቻችንን ቁጭ ብለን ብናወራ ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ የለኝም።

ዓባይ በረሃንም በዚያች መኪና ወርጄ አላውቅም። የሚያውቅ ይንገረኝ።

የቀሃ ልጅ፦

እኅቴ፣ እንኳን ወደ አገራችን አሰብሽ። 58 ዓመቴ ነው፤ ከጎንደር የወጣሁት ለውትድርናና ለሕክምና ብቻ ስለሆነ ትንሽ ልናገር።

ማን ቤት እንደር ላልሽው መንገዱ ራሱ ፈርዶላችኋል። ከባሕር ዳር ስትመጡ አዘዞን የምታገኙት ከከተማው በፊት ነው። ሚዜውን አልፋችሁ ማራኪ ብትገቡ እናቱ "በደጃፌ አልፈው ሄዱ" ይላሉ፤ ይህ በእኛ ዘንድ ሆቴል ከመያዝ ይብሳል። አዘዞ ብታድሩ ግን ጓደኛሽ ቅር የምትሰኝበት ምክንያት የላትም፤ እናት ያሉበት ቤት ይቀድማል፣ መንገድም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አዘዞ፣ ቀጥሎ ማራኪ። ይህንን ግን አንቺ ወስነሽ አትንገሪያቸው። ለጓደኛሽ ደውለሽ "እማማ እንዲህ አሉኝ፣ ምን ትመክሪኛለሽ?" በያት። ራሷ "አዘዞ እደሩና በማግስቱ እኔ ዘንድ" ትልሻለች። ፍርዱ ከእሷ አፍ ሲወጣ ደስ ይላታል።

ሁለተኛ፣ "ኅዳር መጀመሪያ" ብለሽ አትተዪው፤ ቀን ቁረጪለት። የጽጌ ጾም መስከረም 26 ገብቶ ኅዳር 5 ያበቃል። የፈቃድ ጾም ነው ይባላል፤ የጎንደር እናቶችን ግን ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ አትጨርሺውም፣ ይጾማሉ። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። ዶሮ የሚበላባቸው ቀናት በመካከል ያሉት ዘጠኙ ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብ ሲቀነሱ ከዚያም ያንሳሉ። ጾም ላይ ብትደርሱ ያበሏችኋል፣ ግን "ያለ ዶሮ ሸኘናቸው" እያሉ ዓመቱን ሙሉ ሲቆጩ ይኖራሉ። ይህን ጸጸት አታሸክሟቸው።

በተለይ ኅዳር 6 እንዳያመልጣችሁ። የቁስቋም በዓል ነው። ደብረ ፀሐይ ቁስቋም እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው ወጣ ባለው ኮረብታ ላይ ያሠሯት ናት። የቤተ መንግሥታቸው ፍራሽ ከአጠገቡ ቆሟል፤ የእሳቸው፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ዐፅምም እዚያው ነው። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ ያስጠጉት እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ እንግዳ መቀበል ያስተማረን ማን እንደሆነ ከዚህ ገምቺ። የእኔ ምክር፦ ኅዳር 4 ወይም 5 አዘዞ ግቡ፤ ኅዳር 6 ጠዋት ሁለቱም ቤተሰቦች ቁስቋም ይገናኙ፤ ርክክቡ እዚያ ይፈጸም። የአዘዞዋ እናት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ "አደራ" ብለው ለማራኪዋ ካስረከቧችሁ ያን ጊዜ ማንም ማንንም አልቀማም።

ግንቡን በሚመለከት ባልደረባሽ እውነቱን ነው። ጎንደሬ ግንብ አያሳይም። ክፋት የለበትም፤ ዳቦ ልንገዛ ስንሄድ በአጥሩ ሥር ነው የምናልፈው፤ የቤታችንን ግድግዳ ለእንግዳ እንደማሳየት ይሆንብናል። አጥሩ ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ነው፣ 12 በሮች ነበሩት። እንግዲህ ራስሽ "ነገ በ2 ሰዓት ተኩል ከግንቡ አጠገብ ጃንተከል ዋርካ ሥር እንገናኝ" ብለሽ ቀጠሮ ያዢ፤ ጓደኛሽ ቀጠሮ ነው ብላ ትመጣለች። ለልጁ የምትነግሪው ነገር ልስጥሽ፦ አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ቆረቆሩ፤ ከዚያ በኋላ የነገሡት ብዙዎቹ በአባት ቤት መኖርን ትተው ከጎኑ የየራሳቸውን ሠሩ። የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት የዜማ ቤት፣ የበካፋ፣ የምንትዋብ፣ ሁሉም በአንድ ግቢ። በአንድ ግቢ ስድስት ቤት አለ፤ የእናንተ የሁለት ቤት ጣጣ ምን አላት?

እናትሽን ሥላሴ ጠዋት ውሰጃቸው፤ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። ጣሪያው ላይ የመላእክቱን ፊት ለማየት አንገት ያስጨንቃል፤ ትንሽ ብርድ ልብስ ነገር ይያዙና ምንጣፉ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጡ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ሥላሴን ያዳነው የንብ መንጋ ነው ይባላል። ትንሹን ልጅ ግን የንቡን ነገር ከመግባታችሁ በፊት አትንገሩት፤ የወንድሜ ልጅ በዚህ ምክንያት ከበሩ አልንቀሳቀስ ብሎ አስቀርቶናል።

የፋሲል መዋኛ ያሉትን ከቀሃ ወንዝ ውሃ የሚሞላውን ገንዳ በኅዳር ባዶ ታገኙታላችሁ፤ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። ቢሆንም ዋርካዎቹ አጥሩን በሥራቸው እንዴት እንደያዙት ይዩ። ከዚያው አጠገብ ዞብል የሚባል የንጉሥ ፈረስ መቃብር ነው የሚባል ክብ ሕንፃ አለ። ለፈረስ! ልጆች ከሁሉ የሚያስታውሱት እሱን ነው።

ሾፌር ነኝ፦

ስለ ቤት ቤት አላውቅም፤ ስለ መንገድ ልንገርሽ።

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአንድ ቀን፣ በዲኤክስ፣ ከልጆችና ከእናትሽ ጋር አይሆንም። በደብረ ማርቆስ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደብረ ማርቆስ እደሩ።

ከጎሃ ጽዮን ደጀን ድረስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከላይ እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትወርጃለሽ፣ መልሰሽ ያንኑ ትወጪያለሽ። ገና ከላይ በሁለተኛ ማርሽ ያዢያት፤ ሞተሩ ይያዛት። ፍሬን ላይ እግርሽን አስደግፈሽ ከወረድሽ ድልድዩ ጋ ስትደርሺ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸትሻል፣ ከዚያ በኋላ ፍሬን የለሽም። ከባድ መኪና ከፊትሽ ካለ ለመቅደም አትቸኩዪ። መውጫው ላይ የሙቀት መለኪያውን እያየሽ ሂጂ፤ ከፍ ካለ ጥግ ይዘሽ ቁሚ፣ ክዳኑን ግን በሙቀቱ አትክፈቺ። ባለቤትሽ ክፈቺ ቢልሽም።

ባሕር ዳር ላይ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ትሻገራላችሁ፤ 380 ሜትር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የተመረቀ። ቤንዚን እዚያው ሙዪ፤ "ወረታ እቀዳለሁ" አትበዪ። ከዚያ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ፎገራ ሜዳው ሩዝ ነው፤ ልጆቹ ከሩዝ የተቀላቀለ እንጀራ ያላዩ ከሆነ እዚያ ይቅመሱ። አዲስ ዘመን አካባቢ ከተራራው ተነጥላ ቀጥ ብላ የቆመች ድንጋይ አለች፤ ትንሹ ይያት እንጂ ፎቶ ለማንሣት ኩርባው ላይ አትቁሙ። እንፍራዝ ላይ ደግሞ ከመንገዱ በላይ ጉዛራ የሚባል ግንብ አለ፤ የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው፣ ጎንደር ሳትቆረቆር የተሠራ። ግንብ ወዳዱ ልጅሽ ይወደዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፦ በምትሄጂበት ዋዜማ መንገዱ ሰላም መሆኑን በየከተማው ላለ ሰው ደውለሽ ጠይቂ። "ባለፈው ሳምንት ደኅና ነበር" መልስ አይደለም። ካልሆነ ቅሪ፤ ጎንደር የትም አትሄድም። ከ11 ሰዓት በኋላ መሪ ላይ እንዳትገኚ።

የማራኪዋ እመቤት፦

የቀሃ ልጅ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ነገር ግን እሳቸው እንግዳ ሲመጣ መሶቡ ፊት የሚቀመጡ ናቸው። እኔ ደግሞ ጓዳ ነኝ፤ ከጓዳ ልናገር።

እኔም ማራኪ ነው የምኖረው። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም፤ አንዳንዴ በሦስት ቀን፣ አንዳንዴ በሳምንት፣ ሲመጣም ሌሊት ነው። አምና የባለቤቴ ዘመዶች ሰባት ሆነው መጡ። ሮቶው ግማሽ ነበር። አንዷ ፀጉሯን ታጠበች። ልጆቹ እየተቀባበሉ እግራቸውን ታጠቡ። በሁለተኛው ቀን ሮቶው ሲንኳኳ ከበሮ ሆነ። እኔ ፊቴን ፈታ አድርጌ ቡና እያፈላሁ በጓዳ በር ልጄን በባጃጅ አምስት ጀሪካን አስይዤ ልኬዋለሁ። እንግዶቹ እስካሁን አያውቁም፤ ይህንን ካነበቡ አወቁ።

ጓደኛሽ "ቤቴ ምን ሆነና" ያለችሽ ከልቧ ነው። እኔም እላለሁ፣ ከልቤ ነው። ግን ከልብ መሆኑ ውሃ አይሆንም። ስለዚህ፦ ማራኪ ከሁለት ሌሊት በላይ አትደሩ። ሦስተኛውን ቀን ደባርቅ ሄደን ስሜንን እናያለን በሉ፤ 100 ኪሎ ሜትር ነው፣ "ማልደን መውጣት አለብን" ብላችሁ የመጨረሻዋን ሌሊት ሆቴል ብትይዙ ማንም አይቀየምም። መኪና ስላላችሁ ሁለት ባዶ ጀሪካን ጭናችሁ ኑ፤ ስትገቢ "ውሃ የምንቀዳበት ካለ ከመኪናው ጋር ይሁን" በያት። እምቢ ትላለች፣ ሁለተኛ ጊዜ ጠይቂ። በሦስተኛው ትሰጥሻለች።

ስጦታ ካላችሁ ደግሞ ቡና። የሲዳማ ቡና ይዛችሁ ከመጣችሁ ሌላ አያስፈልግም። የመስታወት ዕቃ፣ የሻይ ስኒ፣ የግድግዳ ሰዓት አታምጡ፤ በየቤቱ ሞልቷል። ጥሬውን አምጡት፣ ተቆልቶ የመጣ ቡና እንግዳ አይደለም፤ ሲቆላ ማሽተት ነው ደስታው።

የሰፈር ምልክት በተመለከተ፦ የመንገድ ስም ጠይቀሽ አትድከሚ። በድሮው የቀበሌ ቁጥርና በታቦት ነው የምንነጋገረው። "ቀበሌ 18" ካሉሽ ባለ ባጃጁ ያውቀዋል። "ከሚካኤል ዝቅ ብሎ" ካሉሽ ደግሞ የትኛው ሚካኤል እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ የ44 ታቦት አገር ነው።

የአፄዎቹ ደጋፊ፦

ትልቁ ልጅ ኳስ ይወዳል ወይ? ሐዋሳዎች መሆናችሁን ሰምቼ ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ዋንጫውን ሲያነሣ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ሰው አልተኛም ነበር። የእናንተን ክለብ ማሊያ አልብሳችሁ እንዳታመጡት። ቀልዴን ነው፤ አልብሳችሁ አምጡት፣ ሻይ እንጋብዘዋለን።

የሐዋሳ መንገደኛ፦

ተመልሰናል። የመከራችሁኝን አመስግኜ ልጥፋ ብዬ ነበር፣ ግን አንድ ጥያቄ ስለቀረኝ ጉዞውንም አብሬ ልናገር።

ጋሼ የቀሃ ልጅ፣ እንዳሉኝ ለጓደኛዬ ደውዬ "ምን ትመክሪኛለሽ?" አልኳት። እርስዎ የጻፉትን ያነበበች ይመስል ቃል በቃል መለሰችልኝ። ሾፌሩንም እግዜር ይስጥልኝ፤ ደብረ ማርቆስ አደርን፣ በረሃውን በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ። ባለቤቴ ክዳኑን ክፈቺው ብሎ ነበር።

አዘዞ የገባነው ኅዳር 5 ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። እማማ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ። "ተሐዋሳ ድረስ! በዚች!" አሉ ኮሮላዋን እያዩ። ቤቱ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይሸታል። እሳቸው ግን የጽጌ የመጨረሻ ቀናቸው ነውና አልቀመሱትም። ማምሻውን የ7 ዓመቱን ልጄን ወደ ጓዳ ጠሩት፤ ተከትዬ ሄድኩ። በማማሰያው ጫፍ ትንሽ ቁሌት አውጥተው እፍ እፍ ብለው መዳፉ ላይ አደረጉለት። "ጨው ልኩ ነው?" አሉት። ልጁ ላሰና አሰበ። "ትንሽ ይጨመር" አለ። ምንም ሳይሉ ጨመሩ። ደግመው አስቀመሱት። "አሁን ልኩ ነው" አለ። ይህ ልጅ ቤቱ የበላውን ሳህን የማያነሣ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐዋሳም ተመልሶ እያንዳንዱን ወጥ ሳይቀምስ አላቀርብም።

ቁስቋም በማግስቱ ሄድን። ኮረብታው ነጭ በነጭ ነበር። ጓደኛዬን ከዚያ ሁሉ ነጠላ መካከል በጀርባዋ ለየኋት፤ አንድ ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትቆመው፣ ጅማም እንዲሁ ነበረች። እንዴት እንደተቃቀፍን አልጽፍም። ርክክቡ ግን እንደተባለው ሆነ። እማማ እጄን ይዘው እጇ ላይ አደረጉና "አንድም ሳይጎድል፣ አምስት ናቸው" አሏት። እሷም ቆጠረች።

ግንቡን በቀጠሮ አየነው። ጓደኛዬ ለመጨረሻ ጊዜ የገባችው ስድስተኛ ክፍል ሳለች መሆኑን በሩ ላይ አመነች፤ እኛን ልታስጎበኝ መጥታ ልጄ እሷን አስጎበኛት። የፋሲል ግንብ 32 ሜትር ከፍታ አለው ብለው ሲነግሩት ጉዳዩን ዘጋው፤ "የአባ ጅፋር እንጨት ነው፣ ይሄ ድንጋይ ነው፣ አይወዳደርም" አለ። ዳኝነቱ ጅማ ለሚኖሩ አጎቶቹ ገና አልተነገረም። እናቴ ሥላሴ ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠች። ስትወጣ "አንዱ መልአክ እኅቴን ይመስላል" አለች። የቱ እንደሆነ ብንጠይቃትም አልነገረችንም።

ከሰዓት በኋላ ፒያሳ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ ሐውልት አጠገብ ኮሮላዋ አልነሣም አለች። ቁልፉን ባዞር ቃ ቃ ብቻ ነው። ሠርገኞች ግንቡ ውስጥ ፎቶ ተነሥተው ይወጡ ነበር። አራት ሚዜዎች ኮታቸውን አውልቀው ለሙሽራዋ አስያዙና መግፋት ጀመሩ፤ ሙሽራውም ልግፋ ሲል "አንተ ተው" አሉት። እኔ መሪ ላይ ነኝ። ባለቤቴ ከጎኔ ሆኖ "አሁን! አሁን ልቀቂ!" ይላል። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ተነሣች። እልልታ ቀለጠ። ለእኛ ይሁን ለሙሽሮቹ አላወቅሁም፣ ዞሬም አላየሁም፤ ከቆመች መልሳ አትነሣም ብዬ ፈርቼ።

አሁን የማራኪዋን እመቤት ላመስግን። ሁለቱን ጀሪካን ይዤ ገባሁ። ጓደኛዬ አንዴ እምቢ አለች፣ ሁለቴ እምቢ አለች፣ ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃት ሳቀችና "ማነው የነገረሽ?" አለች። ግን ጀሪካኖቹ ለሌላ ነገር ዋሉ። በሁለተኛው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ቧንቧው መንፋት ጀመረ። መጀመሪያ አየር ነው፣ ሽሽሽ ይላል፣ ከዚያ ያንቀዋል፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ ይተፋል። ጓደኛዬ ገና ሽሽታው ሳያልቅ በባዶ እግሯ ወጥታለች። እኔም ተነሣሁ። "ተኚ" አለች። አልተኛሁም። ኅዳር ጎንደር ሌሊቱ ይበርዳል፤ ብርድ ልብስ ለብሰን፣ እሷ ቱቦውን ይዛ፣ እኔ ጀሪካን እየቀየርኩ ቆምን።

ውሃው ቀጭን ነበር። አንድ ጀሪካን እስኪሞላ ብዙ ይወራል። ስለ እናቷ ሞት ነገረችኝ፤ በስልክ ነግራኝ ነበር፣ ግን በስልክ የነገረችኝ መሞታቸውን እንጂ የመጨረሻውን ሳምንት አልነበረም። እኔም የጠፋብኝን ጽንስ ነገርኳት፤ እናቴ እንኳ የማታውቀውን። በየመካከሉ "ሞላ፣ ሞላ" እያልን እንቀይራለን። ጅማ ሳለን መብራት ሲጠፋ እንዲሁ ከላይና ከታች ሆነን እንደምናወራ አስታወሰችኝ። ሮቶው ሞልቶ ሲፈስ 11 ሰዓት ሆኖ ነበር፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ይሰማል። ሁለት ሰዓት ብቻዬን አገኛት ይሆን ብዬ ነበር፤ ቆጥሬያለሁ፣ ሁለት ሰዓት ነው።

ደባርቅን ዘለልነው። ባትሪዋ አላስተማመነችንም፤ ልጆቹም የዞብልን መቃብር ሦስተኛ ጊዜ ማየት መረጡ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ስንመለስ አዘዞ ቆመን እማማን ተሰናበትን። ክዳን ያላት ነጭ ባልዲ ሙሉ በርበሬ ሰጡኝ፤ ሽታው እስከ ሐዋሳ አብሮን መጣ። በርበሬውን ገለበጥኩት፣ ባልዲዋ ታጥባ ተቀምጣለች። ዕቃ ባዶ እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ ግን ምን ልሙላባት? ቡናውን አስቀድሜ ሰጥቻለሁ። ከእኛ አገር ቆጮ አለ፣ እሳቸው ይበሉት ይሆን? በአውቶቡስስ ይላካል?

የማራኪዋ እመቤት፦

ቆጮ አያውቁትም፣ ግን "ተሐዋሳ የመጣ" ብለው ጎረቤቱን ሁሉ ያስቀምሱበታል። እኔ ብሆን እንደገና ቡና እሞላ ነበር። ቡና በዛ የሚል እናት አላየሁም። ጓደኛሽን ደግሞ ሰላም በይልኝ፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እኔም ቱቦ ይዤ ቆሜ ነበር ማለት ነው፣ የአንድ ፈረቃ ሰዎች ነን።

የቀሃ ልጅ፦

በአውቶቡስ የምትሉት ምንድነው? ባልዲዋ የተሰጠችሽ አንቺው ይዘሻት እንድትመጪ ነው። እማማ በርበሬ በፌስታል መስጠት አቅቷቸው አይደለም።

ሾፌር ነኝ፦

መጀመሪያ ባትሪውን ቀይሪ።